መሣሪያውን ማንም አላነሳውም

በቅየሳ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ሰው ላይ ያለ ጥፋቱ የጮህኩበትን ቀን ልረሳው አልቻልኩም። ነገሩ ሲጣራ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ደግሞ ታይም ዳይሌሽን ነው፤ ሰዓት እንደ ፍጥነቱና እንደ ስበቱ ከሌላው ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የሚገኝበት ነገር፤ ዩኒቨርሲቲ እያለን ለፈተና ሸምድደን ያለፍነው የአንስታይን የአንጻራዊነት ትምህርት።

ለአንድ መንገድ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት እየሠራን ነበር። የጂፒኤስ ዳታ የምናሰላበት ሶፍትዌር ፈቃዱ አለቀ። እስኪታደስ ከምንቀመጥ ብዬ የጂፒኤስን የስሌት ሰነድ እያየሁ ፕሮግራሙን ራሴ ጻፍኩት። ሐሳቡ ከባድ አይደለም። እያንዳንዱ ሳተላይት «ይህን ምልክት የላክሁት በዚህ ሰዓት ነው» እያለ ይልካል፤ ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ይመጣል፤ በመንገድ የፈጀውን ጊዜ ካወቅህ ርቀቱን አወቅህ። ብርሃን በ1 ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ሰዓቱ በ10 ናኖ ሰከንድ ከተሳሳተ 3 ሜትር ስተሃል ማለት ነው። ጂፒኤስ ርቀት የሚለካ ይመስላል እንጂ የሚለካው ጊዜ ነው።

ፕሮግራሙን ለመፈተሽ ቦታው በትክክል የሚታወቅ ቤንችማርክ መረጥን፤ ገላጣ ሜዳ ላይ ያለ፣ አጠገቡ አንድ የዘበኛ ቤት ብቻ ያለበት። ሪሲቨሩ፣ ማለትም የሳተላይቶቹን ምልክት የሚቀበለው መሣሪያ፣ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ እንዲመዘግብ ስለፈለግሁ ረዳቴ አብሮት አደረ። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ባትሪው ላይ ዓይኑን እንደጣለ።

በማግስቱ ዳታውን ሳሰላው ነጥቡ ይንቀሳቀሳል። ሁለት ሦስት ሜትር ቢዋዥቅ አይገርመኝም፣ በዚህ ዓይነት ስሌት የሚጠበቅ ነው። ይሄ ግን ቀስ እያለ፣ በሰዓታት ውስጥ፣ 6 ሜትር ያህል ይርቅና ደግሞ ቀስ እያለ ይመለሳል። ከነጥቡ እስከ ዘበኛው ቤት ያለው ርቀት ትዝ አለኝ። ወዲያው ስልክ አነሳሁ።

«ሌሊት ሲበርድህ መሣሪያውን ይዘህ ወደ ግድግዳው ተጠግተሃል አይደል?»

«ኢንጂነር፣ ከነጥቡ አላነሳሁትም። ሦስቱንም እግሮች ድንጋይ አስደግፌአቸዋለሁ፤ መጥተው ይዩት።»

«አትዋሸኝ!» አልኩት፣ ሰው በተሰበሰበበት ቢሮ፣ ጮክ ብዬ። እሱ ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ማመን ቆጠርኩት።

በሁለተኛው ሌሊት እኔ ራሴ አደርኩ። ድንጋዮቹ እንዳለው በቦታቸው ነበሩ። የአረፋ ሚዛኑ መሀል ላይ ቁጭ ብሏል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እኔም ዓይኔን ሳልከድን ነጋ። ጠዋት ዳታውን ሳሰላው ያው ኩርባ መጣ፤ ያው መሄድ፣ ያው መመለስ።

ያኔ ልቤ ወደቀ። ግን ምክንያቱን አላወቅሁትም። መሣሪያውን አምስት ቀን አቆየነውና ኩርባዎቹን አንዱን በሌላው ላይ ደረብኳቸው። በአምስተኛው ቀን ኩርባው ከመጀመሪያው ቀን 16 ደቂቃ ቀድሞ ይጀምራል፤ በቀን 4 ደቂቃ ማለት ነው። ፀሐይ በአየሩ ላይ የምታመጣው ነገር ቢሆን በየቀኑ በዚያው ሰዓት በመጣ ነበር። የጂፒኤስ ሳተላይት ምድርን አንዴ ለመዞር 11 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ሁለት ዙር 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ። አራቷ ደቂቃ የመጣችው ከዚያ ነው። ጥፋቱ ከሳተላይቶቹ ጋር አብሮ ይዞራል። ሰውዬው የለበትም።

ቢሯችን ውስጥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቀያሽ አሉ። ወረቀቱን አስቀመጥኩላቸው። ኩርባውን ብዙም አላዩትም። «ከሰነዱ ላይ የቀነስከው ነገር አለ?» ብቻ አሉኝ።

አለ። በሳተላይቱ ሰዓት ላይ የሚደረግ አንድ ትንሽ የአንጻራዊነት ማስተካከያ ነበር፣ አንድ መስመር። የሰረዝኩት ደግሞ አውቃለሁ ብዬ ነው። ሳተላይቱ በሰከንድ 3.9 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር ሰዓቱ ከእኛ ጋር ሲተያይ በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) ያህል ወደ ኋላ ይቀራል፤ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የመሬት ስበት ስለሚላላ ደግሞ 45 ያህል ይቀድማል። ሲቀናነስ 38 ማይክሮ ሰከንድ ቀድሞ ያድራል። ይህን አንብቤአለሁ። ሰዓቱ ከመምጠቁ በፊት ሆን ተብሎ ትንሽ ዘገም እንዲል እንደሚደረግም አንብቤአለሁ፤ 10.23 ሜጋ ኸርዝ መሆን የነበረበት ንዝረት 10.22999999543 ላይ ይሞላል። ስለዚህ «ፋብሪካው ጨርሶታል፣ ሁለቴ ማስተካከል ስህተት ነው» አልኩና መስመሯን ሰረዝኳት።

ጋሼ ወረቀት ላይ ክብ ሣሉና መሬትን ከመሀሉ ትንሽ ገፋ አድርገው አስቀመጧት። «ምህዋሩ ድፍን ክብ አይደለም» አሉ።

ለካ ሳተላይቱ ወደ መሬት ሲጠጋ ይፈጥናል፣ ሲርቅ ይዘገያል። ሲጠጋ ፍጥነቱም ስበቱም ሰዓቱን ወደ ኋላ ይጎትቱታል፤ ሲርቅ ሁለቱም ይለቁታል። 38 አማካይ ቁጥር ናት። ፋብሪካው ማስተካከል የሚችለው አማካዩን ብቻ ነው፤ የቀረው በየሰዓቱ የሚለዋወጥ ስለሆነ ለተጠቃሚው ተትቷል። ምህዋሩ 1 በመቶ ያህል ከክብነት ፈቀቅ ያለ ሳተላይት ሰዓቱ ወዲያና ወዲህ 23 ናኖ ሰከንድ ይሄዳል፣ 7 ሜትር ማለት ነው። 2 በመቶ ከሆነ እጥፍ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደጋግማት አንዲት አባባል አለች፤ አንስታይን ባይኖር ጂፒኤስ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ይስት ነበር የምትባለው። 38 ማይክሮ ሰከንድን በብርሃን ፍጥነት ብታባዛው አዎ፣ 11 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ግን ስህተቱ በሁሉም ሳተላይት ላይ እኩል ከሆነ ሪሲቨሩ የራሱ ሰዓት ስህተት አድርጎ ይውጠዋል፤ ቦታህን ብዙም አይነካውም። ቦታህን የሚያበላሸው አንዱ ሳተላይት ከሌላው የሚለይበት ነው። እኔ የሰረዝኳት ያቺን ነበር።

በፊት ታይም ዳይሌሽን ሲባል ሰዓት የሚበላሽ ይመስለኝ ነበር፤ ፍጥነት ማሽኑን እንደሚያውከው ዓይነት። አይደለም። ሳተላይቱ ላይ ተቀምጠህ ብትሄድ ሰከንድህ ሰከንድ ናት፣ ልብህም እንደወትሮው ይመታል። ልዩነቱ የሚታየው ሁለቱን ሰዓቶች ስታስተያይ ነው። መጀመሪያ ላይ ጂፒኤስን የሠሩት መሐንዲሶችም ተጠራጥረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 የሲዚየም አቶሚክ ሰዓት የያዘ የሙከራ ሳተላይት ሲያመጥቁ ማስተካከያውን ገጠሙለት፣ ግን ሳያበሩት 20 ቀን ያህል ጠበቁ። ሰዓቱ ቲዎሪው ባለው ልክ፣ በጣም ትንሽ ልዩነት ብቻ እያሳየ፣ ቀድሞ ተገኘ።

መስመሯን መለስኳት። አምስቱም ኩርባ ተኛ፤ ነጥቡ ሁለት ሜትር ውስጥ ቁጭ አለ።

ከዚያ ረዳቴን ቢሮ ጠራሁት። ስጮህበት የነበሩት ሰዎች ሁሉ ባሉበት፣ «ተሳስቼ ነው፣ ውሸታም ያልኩህ ያለ ጥፋትህ ነው፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። «ችግር የለም ኢንጂነር» ብሎ ሊያልፈው ፈለገ። እኔ ግን አስቀመጥኩትና ሁለቱን ኩርባ፣ የፊቱንና የኋላውን፣ አሳየሁት። የነገሩን ምክንያት ከእኔ እኩል ማወቅ ይገባው ነበር፤ ብርዱን ያደረው እሱ ነው።

ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው ከፍ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው ጊዜው ይፈጥናል?» አለኝ።

«አዎ፣ ከእኛ ጋር ሲተያይ።»

«እናቴ ደብረ ብርሃን ናት።»

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በ400 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። እዚያው ወረቀት ላይ አብረን አሰላነው። በዓመት ከ1 ማይክሮ ሰከንድ ትንሽ በለጥ ይላል። አንድ ሰከንድ ለመሙላት ከ7 መቶ ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ለፋሲካ ሲሄድ ሊነግራት።