ስኳት ሎብስተርን መለየት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቁጭ ብሎ የባሕር እንስሳ ማጥናት ለብዙ ሰው ቀልድ ነው። ይሁን። ስኳት ሎብስተር ሸርጣን የሚመስል ቅርፊታም የባሕር እንስሳ ነው፤ እኔ የምለየው ከፎቶ ነው። ለፎቶው የሚያስፈልገው ኔትወርክ ነው፤ እሱም ሌሊት ሌሊት ይሻላል።

አሁን የያዝኩት አሎጋላቴያ ኤለጋንስ የሚባለውን የስኳት ሎብስተር ዝርያ ነው። ቀይ ባሕርን ጨምሮ እስከ ምዕራብ ፓስፊክ ድረስ ኮራል ባለበት ውሃ ይገኛል። ቁመቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

መጀመሪያ እግር ቁጠሩ። እኔ ሸዋ ሮቢት ያለው ወንድሜ የላከልኝን የወንዝ ሸርጣን ፎቶ ጎን ለጎን ከፍቼ ነው የማየው። ሸርጣኑ ከመቆንጠጫዎቹ ኋላ አራት ጥንድ መራመጃ እግሮች አሉት። ስኳት ሎብስተር ላይ የሚታየው ሦስት ጥንድ ብቻ ነው። የቀረው ጥንድ ቀጭን ስለሆነ ከቅርፊቱ ሥር አጣጥፎ ይይዘዋል፤ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያጸዳበታል።

ቀጥሎ ከዓይኖቹ መሃል ወደ ፊት የወጣውን ሹል አጉልታችሁ እዩ። የአሎጋላቴያ ሹል ረጅም፣ ጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አለው። ሙኒዳ የሚባሉት ሌሎች ስኳት ሎብስተሮች ግን መሃል ላይ መርፌ የመሰለ አንድ ሹል፣ ግራና ቀኙ ደግሞ አጠር ያሉ ሁለት አላቸው። እዚህ ላይ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ቀለም ላይ አትድከሙ። አንዱ ጥቁር ሐምራዊ ነው፣ ሌላው ነጭ መስመር አለው። አሎጋላቴያ የሚኖረው ክራይኖይድ ላይ ነው፤ ክራይኖይድ ክንዶቿ ላባ የሚመስሉ የባሕር ኮከብ ዘመድ ናት። ብዙ ጊዜ የእሷን ቀለም ይመስላል። ስለዚህ አሁን አሁን ከእንስሳው በፊት የተቀመጠበትን ነው የማየው። ሮዝና ጸጉራሟ ስኳት ሎብስተር ላውሪያ ሲያጂያኒ ከሆነች ትልቅ ስፖንጅ (ከቦታው የማይንቀሳቀስ የባሕር እንስሳ) ላይ ናት። በ2005 እ.ኤ.አ. ከኢስተር ደሴት በስተደቡብ የተገኘው ሌላው ስኳት ሎብስተር ኪዋ ሂርሱታ ደግሞ 2,200 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ፍል ውሃ ከባሕሩ ወለል በሚፈልቅበት ነው ቤቱ። እሱን ኮራል ላይ አየሁ የሚል ካለ አትመኑት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አሎጋላቴያ ሥር ለረጅም ጊዜ ይታወቅ የነበረው አንድ ዝርያ ብቻ ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. አራት ተብሎ ተለየ። ፎቶው ሹሉንና መቆንጠጫውን አጥርቶ ካላሳየ እኔ «አሎጋላቴያ» ብዬ አቆማለሁ። ዝርያውን በግምት መሙላት አይመቸኝም።

በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ ጠላቂ ዘመድ ያላችሁ ፎቶውን ከነክራይኖይዷ ላኩልኝ። ተቆርጦ የቀረበ ፎቶ አይጠቅመኝም።