ሐረጎን ያልወጣ መኪና

መኪና ልግዛ ብዬ የተነሳሁት በእናቴ ጉልበት ምክንያት ነው። ቤታችን ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ዳገቱ ላይ ነው። ባጃጁ ከታች አውርዶን ይመለሳል። የቀረችውን ዳገት እናቴ ሦስት ጊዜ አርፋ ነው የምትወጣት።

በእጄ የነበረው 680 ሺህ ብር ነው። ግማሹ የዕቁብ፣ ግማሹ ከወንድሜ የተበደርኩት። (አስተማሪ ነኝ፤ ከደመወዝ ተረፈኝ ብል ማን ያምነኛል?) በዚህ ብር ከአሮጌ ዲኤክስ (ከድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ) ሌላ ማሰብ አይቻልም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ፣ ሰባት ዓመት ባለፈው መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለበት። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። እንግዲህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ዕቃ እንዲህ ሲወደድ ማየት ያናድዳል።

የሰፈራችንን መካኒክ ለመንኳቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። "እሺ፣ ግን እኔ ሳልናገር እንዳትናገሪ" አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ለእኔ ከባድ ቢሆንም።

የመጀመሪያዋን ኮምቦልቻ ሄደን አየናት። ነጭ፣ ቀለሟ እንደ መስታወት የሚያበራ። ደላላው "እህቴ፣ ይቺ የሴት ልጅ መኪና ናት" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ጋሼ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ትኩስ ነበር።

"አሙቃችሁ ነው የጠበቃችሁን?"

ለካ አሮጌ ሞተር ጉዱን የሚናገረው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው። ነጩ ትንሽ ያሳስታል፤ ደሴ ላይ ጠዋት የማንም መኪና እንፋሎት ይተነፍሳል። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ጭስ ካላቆመ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ አናት ሥር ያለው ማሸጊያ) ሄዶ ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ ሊሆን ይችላል።

ጋሼ ከኪሳቸው በካልሲ የተጠቀለለች ማግኔት አወጡ። ከተበላሸ ስፒከር የፈቷት ናት። ላሜራው ላይ ጥብቅ እያለች ሄደች ሄደችና የኋላው በር ሥር ስትደርስ ወደቀች። ስቱኮ! የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት ልጥፍ ነው፤ ማግኔት አይይዘውም። ከዚያ ሊብሬውን ጠየቁ። ስሙ የሌላ ሰው ነው። ሻጩ የያዘው ውክልና ነው። ውክልና የሰጠውም ሰው ራሱ በውክልና የገዛ ነው። ባለ ስሙ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

እኔ ግን አሁንም ቀለሟን እያየሁ ነበር፤ ልዋሻችሁ አልችልም።

"እስኪ ሐረጎን እናውጣት" አሉ ጋሼ።

"ነዳጅ የላትም።"

"እኔ እሞላለሁ።"

"ሰዓት የለኝም" አለ ሻጩ። ጋሼ ማግኔቷን ጠቅልለው ወደ ታክሲው ሄዱ።

ሐረጎን ለማታውቁ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። መንገዱ በሙሉ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን 600 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል። ሜዳ ላይ እንደ ሙሽራ የምትሄድ መኪና እዚያ ትጋለጣለች። በታክሲው ውስጥ ጋሼ ስለ ራዲያተር ክዳን ሲያወሩ አፈርኩ። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው የታመቀው ግፊት ነው፤ ግፊቱን የሚይዘው ደግሞ ያቺ ክዳን ናት። የክዳኗ ጎማ ካለቀ መኪናው ዳገት ላይ ያፈላል። እኔ ፊዚክስ ነው የማስተምረው! ግፊትና መፍያ ነጥብን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ከመኪና ጋር አገናኝቼው አላውቅም።

ሁለተኛዋን እዚሁ ደሴ አገኘናት። በፈረንጅ 1986 የተሠራች፣ ባለ 1.3 ሞተር። ጣሪያዋ ተላጧል፣ ወንበሯ ተቀዷል፣ የፊት ተሳፋሪው በር ከውስጥ አይከፈትም። ባለቤቱ ጡረተኛ ናቸው። ሳንነግራቸው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደረስን። ኮፈኑ በረዶ ነው። በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች፤ ሰማያዊ ጭስ የለም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በባትሪ እያበራን ከሊብሬው ጋር አስተያየን። ስሙ የራሳቸው ነው። እግድ እንደሌለባት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደን አጣራን።

ከዚያ ሐረጎ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አራት ዓመቴ ነው፤ ያንን መንገድ ነድቼው አላውቅም። "በሁለተኛ ማርሽ ውረጂ። ፍሬን ላይ ብቻ ከተኛሽ ሸራው ይግልና ፍሬን ያሳጣሻል።" እጄ በላብ ራሰ። ኮምቦልቻ ደርሰን ሳናሳርፋት ዞርን። ስንወጣ ከፊታችን ተሳቢ ገባ። እንደ ኤሊ። መቅደም አይታሰብም፤ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተትኩ የሙቀት መለኪያዋን ቀስት አያለሁ። ግማሹን ትንሽ አለፈች። ቆመች። እዚያው ቀረች።

ጫፍ ላይ "ዳር ያዢ፣ ግን እንዳታጠፊው" አሉኝ። ወርደው ሥሯን አዩ፣ አሸተቱ፣ ጆሯቸውን ሰጡ። "አብሽሪ ልጄ፣ ትሆናለች።"

ባለቤቱ 690 ሺህ ጠርተው ነበር፤ በ635 ተስማማን። በተረፈው 45 ሺህ ስም አዛወርኩ፣ የፍሬን ሸራና ዘይት ቀየርኩ፣ አንድ ጎማ ገዛሁ። የራዲያተር ክዳንም፣ ደህና ብትሆንም። ጋሼ የድካማቸውን አልቀበልም ብለው አስቸገሩኝ፤ በመጨረሻ ቡናና ስኳር ቤታቸው ወሰድኩ።

ያ በር ግን እስካሁን አልተጠገነም። ቀላል ነገር ነው ብለውኛል። እምቢ ያለችው እናቴ ናት። ቤት ስንደርስ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ እኔ ዞሬ እከፍትላታለሁ። ጎረቤቶቿ እያዩ።