ጸሎቱን መንገድ ላይ እንጨርሰዋለን

ይህን የምጽፈው ልጄ አጠገቤ ተኝታ ነው። ከብርድ ልብሱ የምታመልጠውን አንድ እግሯን መሸፈን ሥራዬ ሆኗል። እግዚአብሔር ይመስገን! ይህን ቃል በደህና ጊዜ ሁላችንም እንለዋለን፤ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነበር።

ከእርሷ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶብኛል። ስለዚህ በ8ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ስነሣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። «እዪው፣ ልቡ ይመታል» ሲሉኝ ገለጥሁና አየሁ፤ አለቀስሁም። ዶክተሯ ግን መሣሪያውን ወደ ቀኝ ጎኔ ወስደው ዝም አሉ። እንቁላል ማምረቻዬ ላይ 7 ሴንቲሜትር የሚሆን ሲስት፣ ማለትም ከረጢት መሰል እብጠት ነበር።

በትዕግሥት አስረዱኝ። በእርግዝና መጀመሪያ ከሚታዩት ሲስቶች ብዙዎቹ እንቁላሉ ከወጣበት ስፍራ የሚፈጠሩ ናቸው፤ ያ ስፍራ የእንግዴ ልጁ ሥራውን እስኪረከብ ድረስ ፅንሱን የሚደግፍ ሆርሞን ያመነጫል። እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስም አብዛኞቹ በራሳቸው ይጠፋሉ። «የአንቺ ግን ውስጡ ስብና ፀጉር ያለበት ዓይነት ይመስላል። እንዲህ ያለው አይጠፋም» አሉኝ። በ16ኛው ሳምንት በቀዶ ሕክምና ሊያወጡት ቀጠሩኝ። ከወንበሬ ስነሣም እንዲህ አሉ፦ «በአንድ ጎንሽ ድንገት ኃይለኛ ሕመም ከተሰማሽ፣ ማስታወክም ከጨመረበት፣ ሊጠማዘዝ ይችላልና ሌሊትም ቢሆን ነይ።»

ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ያደረግሁት።

በጌታ ላይ ተቆጥቼ ነበር። «ልትወስደው ከሆነ ለምን ታሳየኛለህ?» ብዬ ጮኼበታለሁ። ቁጣዬ ሲደክም ደግሞ ወደ እልህ ተለወጠ። በጸሎት ኅብረታችን ፊት ቆሜ «በቀጠሮው ቀን ሲስቱን ሲፈልጉት አያገኙትም» ብዬ ተናገርሁ። እኅቶች እልል አሉ። ያ እምነት ነበር ወይስ እግዚአብሔርን በሰው ፊት ማስገደድ? ዛሬም ስሙን በትክክል አላውቀውም።

ቀጠሮው አራት ቀን ሲቀረው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሕመሙ ቀሰቀሰኝ። ቀኝ ጎኔን አንድ ሰው ጨብጦ እንደ እርጥብ ልብስ የሚጨምቀው ይመስል ነበር። ቀኝ እግሬን መዘርጋት አልቻልሁም። እየዳህሁ መታጠቢያ ክፍል ገብቼ አስታወክሁ፤ ባለቤቴ እንዳይነቃ ፎጣ ነክሼ ወለሉ ላይ ተጋደምሁ። የወለሉ ቅዝቃዜ ጉንጬ ላይ አሁንም አለ። ዶክተሯ የነገሩኝ ምልክት አንድ በአንድ እየመጣ ነው፤ እኔ ግን ከሄድሁ ምስክርነቴ ሐሰት ሊሆንብኝ ነው ብዬ ተኛሁ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» የሚለው ብቻ በአእምሮዬ ይመላለስ ነበር። ሦስት ሰዓት! ልጄን ይዤ ሦስት ሰዓት!

እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ሳሎን ተኝታ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ለጸሎት ስትነሣ የመታጠቢያ ክፍሉን መብራት አየች። ምንም አልጠየቀችም። ተንበርክካ እጇን ራሴ ላይ ጫነችና «አባት ሆይ፣ ይህችን ልጅ...» ብላ ጀመረች። እስከ ንጋት የምትጸልይ መስሎኝ ነበር። መሐል ላይ አቋረጠችና ጫማዬን አመጣች። ግራውን በቀኝ እግሬ አጠለቀችው፤ እጇ ይንቀጠቀጣል።

«ተነሺ ልጄ፤ ጸሎቱን መንገድ ላይ እንጨርሰዋለን።»

ሆስፒታል እንደደረስን በአልትራሳውንድ አዩኝ፤ እንቁላል ማምረቻዬ ከነሲስቱ ተጠማዝዞ ደም በደንብ አይደርሰውም ነበር። ከማደንዘዣው በፊት የልጄን የልብ ትርታ አሰሙኝ። የሚጋልብ ፈረስ ነው የሚመስለው። ያን ጊዜ ሳልጠራው «በእናቴም ሆድ ሰውረኸኛል» የሚለው መጣልኝ፤ ጮክ ብዬ ሳልለው አልቀረሁም፤ እጄን ይዛ የነበረችው ነርስ «አሜን» ብላለችና። ስሟን ሳልጠይቅ ቀረሁ። እኅቴ፣ ባለሽበት ጌታ ይባርክሽ።

ስነቃ ከንፈሬ ደርቆ ተጣብቋል። «ልጄስ?» አልሁ። «ልቡ 150 ይመታል» አሉኝ። እንቁላል ማምረቻው ሁለት ጊዜ ዞሮ ጠቁሮ ነበር፤ ሲፈቱት ግን መልኩ ቀስ በቀስ ስለተመለሰ ሲስቱን ብቻ አውጥተው እርሱን ትተውልኛል። ያን ሌሊት ሳይተኙ ላደሩት ሐኪሞች ሁሉ ምስጋናዬ እስከ ዕድሜ ልኬ ነው።

ከዚያ 23 ሳምንት አለፈ፤ ልጄም ተወለደች።

ኅብረቱ ፊት እንደገና ቆምሁ። «ሲስቱ አልጠፋም፤ ሐኪም ነው ያወጣው። ያልሁት አልሆነም» አልሁ። ጥቂት ዝምታ ነበር። ከዚያ አንዲት አሮጊት ከኋላ መዝሙር አነሡ።

በቀደም እናቴን «ያን ሌሊት ጸሎቱን የት ላይ ጨረስሽው?» አልኋት። ሕፃኗን ከእጄ ተቀበለችና «ማን ጨረሰ አለሽ?» አለችኝ።