ባንዲራዋን ተከትለን

ጉዞውን የገዛሁት እኔ ከምኖርበት ከሜሪላንድ ነው፤ አምስት ቀን ኮሪያ፣ አምስት ቀን ጃፓን። አክስቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ሴኡል ላይ ተገናኘን። የመጀመሪያው ማታ አስጎብኚያችን ቢጫ ባንዲራዋን ከፍ አድርጋ «ጠዋት በ8 ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ!» ስትል ሁላችንም ስልካችንን አየን፤ አክስቴ የእጅ ሰዓቷን። ከቦሌ ከተነሳች ጀምሮ አልነካችውም። ኮሪያና ጃፓን ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ስለሚቀድሙ፣ የአዲስ አበባው ሌሊት 8 ሰዓት እዚያ ጠዋት 8 ነው። «ሰዓቴ እንኳ አልተቸገረ» አለች። ከሃያ ሁለት ሰው አንዴም ያላረፈደች እሷ ብቻ ነበረች።

ግዮንግቦክጉንግ የሚባለው ቤተ መንግሥት በ1395 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ሀንቦክ የሚባለውን የኮሪያ ባህል ልብስ የለበሰ መግቢያ አይከፍልም፤ የልብሱ ኪራይ ግን ከመግቢያው ይበልጣል። አክስቴ ሮዝ ሀንቦክ ለብሳ ነጠላዋን ከላይ ጣል አደረገች። ዘበኞቹ በሚቀያየሩበት በር ላይ ቱሪስቱ ዘበኞቹን ትቶ እሷን ማንሳት ጀመረ። ለዚያ ሁሉ ግቢ የተሰጠን 50 ደቂቃ ነው። ቀጥሎ ለወሰዱን የመዋቢያ ሱቅ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል! እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተናደድኩ።

አክስቴ የመጣችው ግን ለቤተ መንግሥት አይደለም። አባቷ፣ የእኔ አያት፣ በ1943 ዓ.ም. ለኮሪያ ጦርነት ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ፑሳን ወደብ ከወረዱት የኢትዮጵያ ወታደሮች አንዱ ነበሩ። የዘማቾቹ መታሰቢያ ያለባት ቹንቾን ከተማ በፕሮግራማችን ስለሌለች በነጻው ቀን ለብቻችን በባቡር ሄድን፤ ከሴኡል አንድ ሰዓት ቢበልጥ ነው። ጃንሆይ በ1960 ዓ.ም. የመረቁት ሐውልት እዚያው ውሃው ዳር አለ። ፊት ለፊቱ የመታሰቢያ አዳራሹ ጣሪያ እንደ ጎጆ ሾጠጥ ሾጠጥ ብሎ ይታያል። የተሰዉት 121፣ የተማረከ ግን አንድም የለም። አክስቴ ይህን ስታነብ አላለቀሰችም። «አባባ ስለ ብርዱ ብቻ ነበር የሚያወራን» አለች።

አጠገቡ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት አለ፣ ሐውልቱ በተመረቀበት በ1968 እ.ኤ.አ. የተከፈተ። ከየት እንደመጣን የሰሙ አንድ የኮሪያ ሽማግሌ ተነስተው ስኒውን ራሳቸው አመጡላት። ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው ክርናቸው ላይ ደግፈው ሰጧት፤ እሷም ልክ እንደዚያው ደግፋ ተቀበለች። ሁለቱም እጃቸውን አዩ። በማግስቱ አስጎብኚያችንን ብጠይቃት ለትልቅ ሰው አክብሮት እንዲህ ነው የሚሰጠው አለችኝ። እኔንም አክስቴ ያሳደገችኝ እንዲሁ ነው።

ረቡዕ ጾም ነበር። ጎመን ነው ብለን ያነሳነው ኪምቺ የዓሣና የሽሪምፕ ጨው እንዳለበት ያስጠነቀቀችን ያቺው አስጎብኚ ናት። ብቻችንን ብንሆን በልተን ነበር! ወደ ቡድሃ መነኮሳት ምግብ ቤት ወሰደችን፤ ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለ። «እነዚህስ ከእኛም ባሱ» አለች አክስቴ። የሱቁን ቂሜን ያን ዕለት ተውኩት።

ጃፓን ላይ ባንዲራው ሰማያዊ፣ አስጎብኚው ወንድ ሆነ። ስለ ኪዮቶው ወርቅ ቅብ ቤተ መቅደስ ብዙ አልልም፤ በሰው ትከሻ መሃል ነው ያየሁት። የሻይ ሥርዓቱ ግን ደስ ይላል። መጀመሪያ ጣፋጭ ይቀርባል፤ ከዚያ አረንጓዴው ሻይ በቀርከሃ መምቻ ተመትቶ ይሰጣል፤ ሳህኑን ትንሽ አዙረህ፣ ፊቱን አሳልፈህ ትጠጣለህ። አክስቴ ጨርሳ እጇን ሰብስባ ጠበቀች። ሌላ አልመጣም። «ቶናውስ?» ብላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

ቶኪዮ ውስጥ አውቶቡሱ በኦሊምፒክ ስታዲየሙ በኩል ሲያልፍ አስጎብኚው አሮጌው ፈርሶ እንደ አዲስ መሠራቱን ብቻ ተናገረ። አክስቴ ብድግ አለች። «አበበ ቢቂላ የሮጠበት ነው በለው!» ማይኩን ሰጣት። እሷ እያወራች እኔ አስተረጎምኩ፤ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ሕክምና ላይ ከነበረበት ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ አልሞላም፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፤ ሪከርድ ሰብሮ ገብቶ ሣሩ ላይ ስፖርት ሲሠራ፣ ሁለተኛው ገና መንገድ ላይ ነበር። አስጎብኚው አበበን ያውቀዋል። «የእኛ ፈጣን ባቡር ሥራ የጀመረው አበበ ሊሮጥ 20 ቀን ሲቀረው ነው» አለ። «ባቡሩ ቀድሞታላ!» አለች አክስቴ፤ አውቶቡሱ ሳቀ።

በመጨረሻው ጠዋት ወደ አየር ማረፊያ ስንነሳ አስጎብኚውና የሆቴሉ ሠራተኞች ተሰልፈው ጎንበስ አሉ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፤ ቀና አላሉም። አክስቴም መተላለፊያው ላይ ቆማ፣ ወንበሩን በአንድ እጇ ይዛ ጎንበስ አለች።

«ኧረ ተቀመጪ፣ ትወድቂያለሽ!»

«እነሱ ቀና ሳይሉ?»