ፀሐይዋ የማን ናት?

ዛሬ ደብሮኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ እኔም አላውቀውም። ያቺን ወንበር መስኮቱ ሥር ስቤ ወለሉ ላይ ያረፈችውን የፀሐይ ቁራጭ አያለሁ። አቧራው ውስጧ ይንሳፈፋል። ድሮ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ትደርስ ነበር። ፊት ለፊት ያ ፎቅ ከተጀመረ ወዲህ ግን ብቅ ብላ እልም ነው። እህቴ «ታዲያ መብራት አታበራም?» አለችኝ። እሷ እንግዲህ እንደዚያ ናት።

ግን የምር፣ በሰው መስኮት የምትገባው ፀሐይ የማን ናት?

እንግሊዞች ነገሩን ከሁለት ወገን ይዘውታል። እ.ኤ.አ. ከ1696 እስከ 1851 ድረስ በመስኮት ብዛት ግብር ያስከፍሉ ነበር። ሰዉ ታዲያ ምን ያድርግ? መስኮቱን በጡብ ደፈነዋ! ድፍኖቹ ዛሬም አሮጌ ቤቶች ላይ ይታያሉ። እነዚሁ ሰዎች ደግሞ ብርሃን በመስኮትህ 20 ዓመት ሳይቋረጥ ከገባ፣ ጎረቤትህ እንዳሻው ገንብቶ አይጋርድብህም የሚል ሕግ አላቸው። 20 ዓመት! ተከራይ ምን ይዋጠው?

ኒው ዮርክ ላይ በ1915 ኢኩይተብል የተባለው ሕንፃ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ተነስቶ ሽቅብ ቀጥ አለ። አካባቢው ጥላ ዋጠው። በዓመቱ፣ ሕንፃ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ኋላ እየሸሸ እንዲወጣ የሚያስገድድ ደንብ መጣ። እነዚያ እንደ ደረጃ እየጠበቡ የሚሄዱት የድሮ ፎቆች ፋሽን ይመስሉኝ ነበር። ለካ የተሸሸው ለመንገዱ ብርሃን ነው። አርክቴክቱን ሳደንቅ የኖርኩት የማዘጋጃ ቤት ደንብ ኖሯል።

ሲበዛም ጣጣ ነው። በ2013 ለንደን ውስጥ ፊቱ ወደ ውስጥ የጎበጠ የመስታወት ፎቅ ጨረሩን ሰብስቦ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ክፍሎችን አቀለጠ። አንድ ጋዜጠኛ ደግሞ መጥበሻ ይዞ ሄዶ እንቁላል ጠበሰበት።

በዚያው ዓመት ኖርዌይ ውስጥ ርዩካን የምትባል ከተማ ተቃራኒውን አደረገች። ሸለቆ ውስጥ ስለሆነች ከመስከረም እስከ መጋቢት ተራራው ፀሐይ ይከለክላታል። በ1928 ሕዝቡን ፀሐይ ወዳለበት ከፍታ የሚያወጣ ኬብል ካር ሠርተው ነበር። በ2013 ግን ተራራው ላይ 3 ትላልቅ መስታወቶች ተከሉ። መስታወቶቹ በኮምፒውተር እየታዘዙ ፀሐይዋን ይከተሏታል፣ ብርሃኗን ቁልቁል አደባባዩ ላይ ይጥላሉ። ሰዉ ወጥቶ ይሞቃል።

አደባባዩ ላይ ብቻ ግን። እንግዲህ ከብርሃኑ ሁለት ቤት ወዲያ የሚኖረው ሰውዬ ምን ይላል? «እሰይ፣ ለከተማችን ፀሐይ መጣልን» ነው የሚለው? ወይስ «ትንሽ ወደ ግራ አዙሩልኝ» ብሎ ማመልከቻ ያስገባል?

እኔ ብሆን አስገባ ነበር። ካልተሳካልኝም በየወሩ እየሄድኩ እጨቀጭቃቸዋለሁ።