አጭሩ ሰውዬ በማን ድምፅ ይናገራል?

ዛሬ ማታ ከጓደኛዬ ጋር ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። ርእሱ አንድ ብቻ ነበር፤ ከተዋናዩ ሂው ጃክማን በኋላ ዎልቨሪን የተባለውን የኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ) ጀግና በፊልም ማን ይጫወተው? እኔ አንድ ነገር ላይ ድርቅ ብያለሁ፤ አጭር ሰው ይሁን። በኮሚክ መጽሐፉ ላይ የዎልቨሪን ቁመት 160 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ስሙ ሎጋን ይባል እንጂ በወረቀት ላይ ፈጽሞ ሎጋ አይደለም፤ ጠብደል፣ ጸጉራም፣ ሰው ሁሉ ቁልቁል የሚያየው፣ እሱ ግን ሽቅብ አይቶ ማንንም የማይፈራ ሰው ነው። ቁጣው ራሱ ከዚያ የሚመነጭ ይመስለኛል። ጃክማን ደግሞ ከ185 ሴንቲሜትር በላይ ነው።

ጓደኛዬ ዝም ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ፣ «ወንድሜ፣ 17 ዓመት ሙሉ ስትወደው የኖርከው ሰው እኮ ረጅም ነበር» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መልስ ሳጣ ደግሞ ድምፄ ከፍ ይላል፤ ዛሬም ከፍ አለ።

ከተለያየን በኋላ እንቅልፍ እንቢ ስላለኝ ይህን እጽፋለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።) ለምንድን ነው ነገሩ እንዲህ የሚያንገበግበን? ዘመዳችን ያልሆነ፣ ጭራሹንም በሕይወት ኖሮ የማያውቅ ሰው ፊት ማን ይልበስ በሚል ጥያቄ ትልልቅ ሰዎች የምንኳረፈው ስለ ምንድን ነው?

ኮሚክ መጽሐፍ ድምፅ የለውም። ገጸ ባሕርዩ ሲናገር ቃሉ ከራሱ በላይ ባለች ነጭ ክብ ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ድምፁን የሚሰጠው አንባቢው ነው። እንቅስቃሴም የለውም። በአንዱ ሣጥን ውስጥ ክንዱ ተነሥቷል፣ በሚቀጥለው ሣጥን ውስጥ ጠላቱ ወድቋል፤ ምቱን ግን ማንም አልሣለውም። በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ባለችው ቀጭን ነጭ ክፍተት ውስጥ የመታሁት እኔ ነኝ። ልጅ ሳለሁ ለዎልቨሪን ጉሮሮ ውስጥ የታነቀ፣ ሊወጣ የማይፈልግ ድምፅ ሰጥቼው ነበር። ለዓይነ ስውሩ ጠበቃ ለዴርዴቪል ለስለስ ያለ፣ ለጠላቱ ለኪንግፒን ደግሞ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ነጎድጓድ። ስለዚህ አንድ ስቱዲዮ የተዋናይ ስም ሲያስታውቅ እኛ ዘንድ ቦታው ክፍት አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ሰው ተቀምጦበታል። አዲሱ ተዋናይ የሚመጣው ያንን ሰው ሊያስነሣ ነው።

ይህ ያልገጠመው አንድ ሰው ትዝ ይለኛል፤ ሳሙኤል ኤል. ጃክሰን። በ2002 መውጣት በጀመረው «ዘ አልቲሜትስ» ኮሚክ ላይ ኒክ ፊውሪ የተባለው ገጸ ባሕርይ በእሱ መልክ ተሥሎ ነበርና በ2008 በፊልም ብቅ ሲል አንባቢው የሚያውቀውን ፊት ነው ያገኘው። ሌሎቹ ግን በእሳት ውስጥ ማለፍ አለባቸው።

ማይክል ኪተን አልፏል። በ1988 ባትማን ሆኖ እንደሚሠራ ሲታወቅ ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ የተቃውሞ ደብዳቤ ወደ ፊልም ሠሪው ዋርነር ብራዘርስ እንደጎረፈ ይነገራል። በሳቅ ፊልሞች የሚታወቅ፣ ግዙፍ ያልሆነ ሰው ነበር። ዳይሬክተሩ ቲም በርተን ግን ነገሩን ከወዲያ በኩል አየው፤ ጡንቻው የፈረጠመ ሰው የሌሊት ወፍ መስሎ መልበስ ምን ያደርግለታል? ልብሱ የሚያስፈልገው ያለ እሱ ለማያስፈራ ሰው ነው። ሂዝ ሌጀርም የባትማንን ጠላት ጆከርን እንዲጫወት በ2006 ሲመረጥ ብዙ ተወርዶበታል። ኦስካሩን ያገኘው ከሞተ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2009 ነው። የወረፉት ሰዎች ሲጸጸቱ አላየም።

ስለ ተዋናይ ምርጫ ስናወራ ሁልጊዜ የምመለስባት አንዲት ትዕይንት አለች። በ1978ቱ የሱፐርማን ፊልም ክላርክ ኬንት፣ ማለትም በመነጽር የተደበቀው ሱፐርማን፣ በሚወዳት በሎይስ ሌን ቤት ውስጥ ቆሟል። እሷ ለአፍታ ወደ ሌላ ክፍል ገብታለች። መነጽሩን ያወልቃል። ጎብጦ የነበረው ጀርባው ይቃናል፣ ትከሻው ይሰፋል፣ አገጩ ቀና ይላል፤ ድምፁ እንኳ ይወፍራል። ልብሱ ያው ልብስ ነው፤ ሰውዬው ግን ሌላ ነው። ማን እንደሆነ ሊነግራት ቆርጧል። ከዚያ ወኔው ይከዳዋል፤ መነጽሩ ይመለሳል፣ ትከሻው ይወድቃል፣ ድምፁ ይቀጥናል፤ ያ ግዙፍ ሰው ዓይናችን እያየ ክላርክ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ክሪስቶፈር ሪቭ ሲመረጥ በሰፊው የማይታወቅና ቀጭን ሰው ነበር፤ ጡንቻውን ያመጣው በልምምድ ነው። ያችን ትከሻ ግን ልምምድ ብቻ አያመጣትም። መነጽር ማንን ይሸፍናል እያሉ ለሚጠይቁ ሰዎች ሁሉ ያን ጊዜ መልስ የሰጣቸው ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አውቄም ሮበርት ፓቲንሰን በ2019 ባትማን እንዲሆን ሲመረጥ ከተቆጡት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። በቫምፓየር ፊልሙ ፊቱን አይቼ ፈርጄበት ነበር። ፊልሙ በ2022 ሲወጣ ወራት ሙሉ ሳላየው ቆየሁ፤ ሰው ሲጋብዘኝም እንቢ አልኩ። በመጨረሻ ስቀመጥ የያዘኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ባትማን ጭምብሉን ሲያወልቅ ዓይኑ ዙሪያ የተቀባው ጥቁር ቀለም አብሮ አይጠፋም። ላብ አውርዶት ጉንጩ ላይ ተዝረክርኳል፤ ከሥሩ ያለው ሰው ለቀናት ያልተኛ ይመስላል። ፓቲንሰን አንድም ቃል ሳይናገር በዚያ ፊት ብቻ ቆሞ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ያላየሁትን ሥራ ስጠላ እንደኖርኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ዛሬ ማታ ጓደኛዬ ይህንኑ አነሣብኝ። በዚያው በ2019፣ የዴርዴቪል ተከታታይ ፊልም እንዲመለስ የሚጠይቀው ፊርማ ላይ ስሜ እንደነበረ ያውቃል። «ለዴርዴቪል ጊዜ ስጡት እያልክ ስትለምን የነበርከው አንተ፣ ለፓቲንሰን ሦስት ሰዓት ነፈግከው» አለኝ። እውነቱን ነው። ፊልሙ የሚፈጀው ከዚያ ያነሰ ነው።

ዴርዴቪል ግን ዛሬም ያመኛል። ተከታታዩ በ2015 ሲጀመር ዴርዴቪልን የሚጫወተውን ቻርሊ ኮክስን አላውቀውም ነበር። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ የታገተ ልጅ ለማስለቀቅ ወደ አንድ ጠባብ ኮሪደር ይገባል። ቀዩ ልብስ ገና አልተሰፋም፤ ጥቁር ጨርቅ ነው ፊቱ ላይ ያሰረው፤ ከዚያ በፊት የደረሰበት ቁስልም አልዳነም። ካሜራው አንዴም የተቆረጠ ሳይመስል ኮሪደሩ ውስጥ ይመላለሳል። ጥሎ የሄደው ሰው ተነሥቶ ከኋላው ይመጣል፤ እንደገና ይጥለዋል። ከምቱ ይልቅ የገረመኝ በምቶቹ መካከል ያለው ነው። ግድግዳውን ይደገፋል፣ ያለከልካል፣ እግሩ ይንገዳገዳል፤ ከዚያም ይቀጥላል። በወረቀት ላይ በሁለት ሣጥን መካከል ያለችው ነጭ ክፍተት ውስጥ የደከመ ሰው እንደነበረ በልጅነቴ አስቤው አላውቅም። በመጨረሻ ልጁን ታቅፎ ይወጣል።

ኪንግፒንን የሠራው ቪንሰንት ዲኦኖፍሪዮም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የምናየው ምንም ያልተሣለበት የሚመስል ነጭ ሥዕል ፊት ለፊት ብቻውን ቆሞ ሲመለከት ነው። ነጎድጓድ ጠብቄ ነበር። የመጣው ግን ቃሉን እየቆራረጠ፣ እያፈረ የሚናገር ሰው ነው። ነጎድጓዱ ኋላ ሲመጣ ከየት እንደመጣ አውቀን ነበርና ይበልጥ አስፈራ።

ተከታታዩ በኅዳር 2018 ተቋረጠ። ሦስት ምዕራፍ፣ 39 ክፍል። ሦስተኛው ምዕራፍ ከወጣ ገና አንድ ወር አልፎት ነበር። ሰው ስላልወደደው ነው ለማለት አልችልም። የማርቭል (የዴርዴቪል ኮሚክ አሳታሚ) ባለቤት የሆነው ዲዝኒ የራሱን የቪዲዮ አገልግሎት ሊከፍት እየተዘጋጀ ነበር፤ በ2019 መጨረሻም ከፈተው። ኔትፍሊክስ ላይ የነበሩት አምስቱም የማርቭል ተከታታዮች አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተራ በተራ ተዘጉ። አንድ ተከታታይ ሲቋረጥ ተዋናዮቹ ከውላቸው ይለቀቃሉ፣ ጸሐፊዎቹ ሌላ ሥራ ይይዛሉ፣ የተሠራው ቤትና ቢሮ ይፈርሳል። አድናቂዎች ዜናውን በሰሙ ማግሥት ደብዳቤና ፊርማ ይዘው የሚሯሯጡት ለዚህ ነው። በየቀኑ አንድ ሰው ይርቃል።

ኤጀንት ካርተር የተባለውን ተከታታይ ያየ ሰው ደግሞ ሌላ ሕመም አለው። በሁለተኛው ምዕራፍ የመጨረሻ ትዕይንት አንድ ሰው በሆቴል ክፍሉ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ይወድቃል፤ ተኳሹ አንድ ፋይል ይዞ ይሄዳል። በግንቦት 2016 ተከታታዩ ተሰረዘ። ሰውዬው እስከ ዛሬ እዚያው ምንጣፍ ላይ ነው። ሞተ? ተረፈ? ማን ተኮሰ? ስዋምፕ ቲንግ የተባለው ተከታታይ ደግሞ በ2019 የመጀመሪያው ክፍል በታየ በሳምንት ውስጥ ነው መቋረጡ የተነገረው፤ የቀሩትን ዘጠኝ ክፍሎች ያየናቸው እንደሚያልቅ አውቀን፣ በለቅሶ ቤት እንደተቀመጥን ነው።

ከጓደኛዬ ጋር ፈጽሞ ያልተግባባንበት አንድ ነገር ቀረ። የብላክ ፓንተር ፊልም ተዋናይ ቻድዊክ ቦዝማን በነሐሴ 2020 ሲሞት ስቱዲዮው የንጉሥ ቲቻላን ቦታ ለሌላ ተዋናይ አልሰጠም፤ በ2022 በወጣው ቀጣይ ፊልም ንጉሡም ከተዋናዩ ጋር ሞተ። ጓደኛዬ ይህ ስሕተት ነው ይላል። ቲቻላ ከ1966 ጀምሮ የነበረ ንጉሥ ነው፤ ገና ስንት ልጆች ሊያዩት ይገባ ነበር፤ አንድ ሰው ሲሞት ታሪኩ አብሮ መቀበር የለበትም ይላል። ሐሳቡ ጠንካራ ነው፤ ልቤ ግን አይቀበለውም። እኔ ያንን ፊልም ሳይ ያለቀስኩት ለንጉሡ ይሁን ለቦዝማን መለየት አልቻልኩም፤ በዚያን ዓመት ሌላ ፊት ከዘውዱ ሥር ቢመጣ ማየት የምችል አይመስለኝም ነበር። ዛሬም ይህን ስል ጓደኛዬ አንገቱን አቀረቀረ እንጂ አልመለሰልኝም። እሱም የሚያዝን ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ሁለታችንንም ፈገግ አሰኘን፤ የታኅሣሥ 2021 የሲኒማ ምሽት። ሸረሪት ሰው (ስፓይደርማን) ችግር ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደረገ ጠበቃ ተቀምጧል። መስኮቱን ሰብሮ ጡብ ሲወረወር ማየት የማይችለው ሰው እጁን ዘርግቶ ቀለበው። ሲኒማው ውስጥ የተነሣው ጩኸት ቀጣዩን ንግግር ዋጠው። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ያው ቻርሊ ኮክስ። በዚያው ሳምንት ዲኦኖፍሪዮም በሌላ ተከታታይ ላይ ብቅ አለ፤ በመጋቢት 2025 ደግሞ ሁለቱ በአዲስ ተከታታይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የዚያን ምሽት ጓደኛዬ ክንዴን ጨምድዶ ይዞኝ እንደነበር ያወቅሁት ቤት ገብቼ ሳመኝ ነው።

አሁን ከእኩለ ሌሊት አልፏል። ከመደርደሪያው አንድ የቆየ የዎልቨሪን ኮሚክ አውጥቼ አጠገቤ አስቀምጫለሁ። ነገ ለጓደኛዬ የማሳየው ገጽ ፈልጌ ነበር፤ አጭርነቱ በደንብ የሚታይበት፣ ከጓደኞቹ መካከል ቆሞ ራሱ ደረታቸው ላይ የሚደርስበት። አገኘሁት። ሥዕሉ እንዳልኩት ነው፤ ጠብደል፣ ጸጉራም፣ ሽቅብ እያየ። ከዚያ በነጯ ክብ ውስጥ ያለውን ቃል አነበብኩ፤ የሰማሁት የጃክማንን ድምፅ ነው። ገጹን ገለጥኩ፤ አሁንም እሱ ነው። መጽሐፉን ዘግቼ ልጅ ሳለሁ የሰጠሁትን ያንን ጉሮሮ ውስጥ የታነቀ ድምፅ ለመስማት ሞከርኩ። እንዴት ያለ እንደነበር በቃላት ልገልጸው እችላለሁ፤ ልሰማው ግን አልቻልኩም። እንደገና ከፈትኩት። አጭሩ ሰውዬ በረጅሙ ሰውዬ ድምፅ ማውራቱን ቀጠለ፤ እኔም እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብኩት።