ሲስተሮቹ ኪስ ይፈልጋሉ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ባሕር ዳር ነው፤ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። እንጀራዬ የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ በሰርግ ወር ደግሞ የሚዜ ቀሚስ ይጨመርበታል። ከቋሚ ደንበኞቼ መካከል ሁለት የካቶሊክ ደናግል አሉ። የአንድ ማኅበር አባላት ናቸው፤ በአንድ ቤት ይኖራሉ፣ ከአንድ ማዕድ ይበላሉ። ለልክ ሲቆሙ ግን አንዷ የፈለገችውን ሌላዋ አትፈልገውም።

ታላቋ ሲስተር ግራጫ ቀሚሳቸው ቁርጭምጭሚት ካልደረሰ አይቀበሉኝም። እጅጌው አንጓን መሸፈን አለበት፤ ወገቡ ላይ ሽንሽን ይኖረዋል፤ የራስ መሸፈኛው አንዲት ፀጉር አያሳይም። አሮጌውን ቀሚስ አጥበው፣ ተኩሰው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው ያመጡና «ልክ እንደዚህ» ይሉኛል። ታናሿ ነርስ ናት። ጉርድና ሸሚዝ፣ አንገቷ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል፣ እሑድ ነጠላ። ስለ ርዝመት ተጨንቃ አታውቅም፤ የእሷ ጉዳይ ኪስ ነው። በሁለቱም ጎን፣ ጠለቅ ያለ፣ ጎንበስ ስትል ስልኳ በሽተኛ ላይ የማይወድቅበት። አንድ ጊዜ የሠራሁላትን ኪስ እጇን አስገብታ ለካችና «እስከ አንጓዬ ይድረስ» ብላ አስፈታችኝ። ከውስጥ በገበር ጨርቅ ቀጠልኩላት።

ሱቄ የሚቀመጡ ሴቶች ፍርዳቸው ፈጣን ነው። «ትልቋስ መነኩሴ ናቸው፤ ትንሿን ግን መነኩሴ መሆኗን ማን ያውቃል?» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። እኛ ዘንድ ምንኩስና በቆብ ይታወቃል፤ አያቴ ባሏ ከሞተና ልጆቿን ከዳረች በኋላ ቆብ ደፍታ እማሆይ ተባለች። በሃያዎቹ ዕድሜዋ ያለች ልጅ፣ ደመወዝተኛ፣ ባጃጅ ተሳፍራ ሥራ የምትሄድ መነኩሲት ለዓይናቸው እንግዳ ናት። በዚያ ላይ ጣና ዳር ነን። እዚህ አገር የወለተ ጴጥሮስን ስም የማያውቅ የለም፤ ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ባወጁበት ዘመን ባሏን ትታ መንና የተቃወመቻቸው ሴት ናት፣ በስሟ የተተከለው ገዳም ዛሬም ቆራጣ አለ። ይህን ሳነሣባቸው ታላቋ ሲስተር አልተቀየሙም። «የእኛ አለቃ ብትሆን ኖሮ ማንም አይዘገይም ነበር» ብለው ሳቁ።

የቀሚሱን ታሪክ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ቁልፍ እስክተክል ሲጠብቁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1566 ጳጳሱ ፒዮስ አምስተኛ መነኮሳት ሴቶች ሁሉ ከገዳማቸው ቅጥር እንዳይወጡ አጸኑ። ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልና ቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ በ1633 ፓሪስ ውስጥ በሽተኛ የሚያስታምሙ እህቶችን ሲሰበስቡ ይህ ሕግ ፊታቸው ቆመ። ቪንሰንት ዘዴኛ ሰው ነበር፤ እህቶቹ መነኮሳት አይደሉም አለ። ገዳማቸው የበሽተኛ ቤት፣ ክፍላቸው የኪራይ ቤት፣ ቅጥራቸው የከተማው ጎዳና እንዲሆን ጻፈላቸው። እስከ ዛሬ ድረስ የዚያ ማኅበር እህቶች መሐላቸውን በየዓመቱ ያድሳሉ። ልብሳቸውስ? በፓሪስ ዙሪያ ያሉ የገበሬ ሴቶች ይለብሱት የነበረው ነው። የገበሬዎቹ ሴቶች ልጆች ሌላ ለበሱ፣ የልጅ ልጆቻቸውም ሌላ ለበሱ፤ የእህቶቹ ባርኔጣ ግን በስታርች እየደረቀ፣ እንደ ክንፍ ግራና ቀኝ እየተዘረጋ ቀረ። የተውት በ1964 ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ገዳማውያን ሕይወት ባወጣው ሰነድ ልብሱ ቀላል፣ ጨዋ፣ የድህነት ምልክት፣ ለጤና የሚስማማ፣ ለጊዜው፣ ለቦታውና ለሥራው የሚመጥን ይሁን አለ። እኔ ይህን ስሰማ የደንበኛ ትእዛዝ መሰለኝ። ጉባኤው ያዘዘው ሁለት ነገር ነበር፤ ወደ መሥራቾች መንፈስ መመለስና ከዘመኑ ጋር መራመድ። ታላቋና ታናሿ ከዚያው ሰነድ ጫፍና ጫፉን ይዘው ይጓተታሉ።

የማዘር ቴሬዛ እህቶች ነገር ደግሞ ይገርመኛል። ዛሬ ሰው ጥብቅ የሚላቸው እነሱን ነው። ነገር ግን እናታቸው በ1948 የቀድሞ ማኅበሯን ልብስ አውልቃ የካልካታ ድሃ ሴቶች የሚለብሱትን ነጭ ሳሪ ስትለብስ ከዚያ የበለጠ አዲስ ነገር አልነበረም። ሳሪውን የሚሸምኑት በሥጋ ደዌ የታመሙ ሰዎች ናቸው።

በልብሱ ክርክር ታላቋ የሚያሸንፉበት ቦታ አለ። አውቶቡስ ተራ ቆመው ሳለ የማያውቋቸው ሴቶች መጥተው የቤታቸውን ጉድ ይነግሯቸዋል፤ ያ ቀሚስ ባይኖር ማን ይቀርባቸው ነበር? ታናሿን ግን እዚያው ቦታ አንድ ጎረምሳ ስልክ ቁጥሯን ጠይቋታል። ታናሿ ይህን ስትነግረኝ ታላቋ መስኮት መስኮት እያዩ ነበር፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። በባሕር ዳር ሙቀት፣ በሚያዝያ፣ ለዚያ ሁሉ ቴትሮን የሚከፈለውን ላብ ግን እኔ አየዋለሁ፤ ብብቱ ቀድሞ የሚያልቀው የእሳቸው ነው።

ለኔ ትልቁ ለውጥ ልብሱ ላይ አይደለም። ታላቋ ወጣት ሳሉ የት እንደሚመደቡ የሚያውቁት ደብዳቤው ሲደርሳቸው ነበር፤ ያን ቀን ሻንጣ ይዘጋጃል፣ ጥያቄ የለም። ታናሿን አለቃዋ ባሕር ዳር ከመመደቧ በፊት ጠርታ አነጋግራታለች፤ ምን ትችያለሽ፣ ምን ትፈሪያለሽ ተብላለች። ሁለቱም የማሉት ያንኑ ድህነት፣ ንጽሕናና ታዛዥነት ነው። ታላቋ «እኛ ስንታዘዝ ቅልል ይለን ነበር» ይላሉ። ታናሿ «እኔም እታዘዛለሁ፤ የምታዘዘው ግን ሰምተውኝ ነው» ትላለች። እኔ ከታናሿ ጋር ነኝ። የወር ደመወዟ ግን እጇ አይገባም፤ ወደ ቤቱ ሣጥን ይገባል። የስፌቱን ዋጋ የሚከፍሉኝ ከአንድ ፖስታ ነው፣ ደረሰኝም ይጠይቁኛል፤ የሚከራከሩኝ ታላቋ ናቸው፣ ያውም አጥብቀው።

አሁን አዲስ ሐሳብ ይዘው መጥተዋል። ታናሿ፣ መሥራቾቹ የአገሩን ድሃ ልብስ ከለበሱ እኛም የሸማኔ ጥጥ እንልበስ አለች፤ ያለ ጥለት፣ ነጭ። ሐሳቡን ወደድኩት፤ ዋጋውን ጠይቄ ስመለስ ግን የእጅ ሥራው ከውጭ ከሚመጣው ቴትሮን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ታላቋ ወረቀት ላይ ደመሩት፣ እንደገና ደመሩት፣ ወረቀቱን ለታናሿ አቀበሏት። ለእሑድ አንድ አንድ ነጠላ ከሸማኔ እንዲገዛ፣ ቀሚሱና ጉርዱ ግን በቴትሮን እንዲሰፋ ተስማሙ። ኪሱ ጥልቅ ይሁን ብላለች።